በስስ አየር ውስጥ መቀመጥ፦ ከፍታው ብቻውን ጤና አይሆንም

ሲግናል ያደገ ሰው ዳገትን የሚያውቀው በእግሩ ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውን አስፋልት ለቆ ወደ ሰሜን የታጠፈ ሁሉ ጥቂት እንደሄደ መንገዱ ወደ ላይ ይመራዋል፤ የየካና የእንጦጦ ተራሮች የባሕር ዛፍ ሸንተረርም ከፊቱ ይቆማል። አያቴ ይህን ዳገት ለብዙ ዓመታት በየማለዳው ወጥተውታል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ቁርስ ገና አልቀረበም ነበር።

አንድ ክረምት የሳንባ ምች ያዛቸው። መድኃኒታቸውን ወሰዱ፤ ትኩሳቱም በሳምንቱ ለቀቃቸው። ቤተሰቡ ግን አልለቀቃቸውም። «አይነሱ፣ ብርድ ይመታዎታል»፤ «ይተኙ እንጂ፣ ምን አጓደልንብዎ?» ይባላሉ። ጠያቂው ሁሉ የሚመክረው ዕረፍት ነው፤ መብላትና መተኛት። እኔ በዚያን ጊዜ የሳይንስ ተማሪ ነበርኩ፤ ስለ ማይቶኮንድሪያ ተፈትኜ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ። ሆኖም ትራሳቸውን ከሚያስተካክሉት፣ ሊነሱ ሲሉም ትከሻቸውን ይዘው ከሚመልሷቸው አንዱ እኔ ነበርኩ። ከአንድ ወር በላይ ተኝተው ሳሉ ከጠፋላቸው በኋላ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ከአልጋው እስከ በሩ ያለው ስድስት እርምጃ እንደ እንጦጦ አቀበት ያስለከልካቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ በከዘራ ድጋፍ እስከ ግቢው በር ይደርሱ ነበር እንጂ ዳገቱን ዳግመኛ አልወጡትም።

በእርግጥ የአንድ አረጋዊ ሰው ታሪክ ሳይንሳዊ ማስረጃ አይሆንም። ዕድሜም፣ ሕመሙም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ይህ ገጠመኝ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ለኖረ አንድ ጥያቄ መነሻ ሆኖኛል። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ከፍታችንን እንደ ጸጋ እንቆጥራለን፤ ሯጮቻችን ሜዳሊያ ባመጡ ቁጥር «አየሩ ነው» እንላለን። በዚሁ አየር ውስጥ የተቀመጠ ወይም የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ግን አንጠይቅም። በእኔ እምነት ስስ አየር ለሚንቀሳቀስ ሰው አሠልጣኝ ሊሆን ይችላል፤ ለሚቀመጥ ሰው ግን ተጨማሪ ሸክም ነው። ይህን ለማለት ያበቃኝን ምክንያት ላስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። በእንጦጦ አናት ላይም ሆነ በምፅዋ ወደብ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ አንድ ነው፤ 21 በመቶ ያህል። የሚለያየው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሲግናል አካባቢ ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይጠጋል። ኦክሲጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ይህ ግፊት በመሆኑ፣ እኛ በየትንፋሻችን የምናገኘው ኦክሲጅን የባሕር ጠረፍ ሰው ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል ማለት ነው።

ኦክሲጅን ሲያንስ ኦክሲጅን የሚያደርሰው ጉዳት ሊበዛ ይችላል ቢባል ተማሪ ይስቃል። እኔም መምህራችን ሲነግሩን ስቄ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ይጓዛሉ፤ በመጨረሻም ኦክሲጅን ይቀበላቸውና ውሃ ይሆናል። በዚህ ጉዞ የሚለቀቀው ኃይል ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ ይሠራል። አሁን የመገናኛን የምሽት የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ታክሲው እየተከታተለ ሲመጣ ሰልፉ በሥርዓት ይንቀሳቀሳል። ታክሲ ሲጠፋ ግን ሰልፉ ይቆማል፣ ከኋላ ሰው ይጨመራል፣ ግፊያ ይነሳል፤ ትዕግሥት ያጣውም ከሰልፉ ወጥቶ ያገኘው ነገር ላይ ይንጠላጠላል። ተሳፋሪዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ታክሲው ደግሞ ኦክሲጅን። በሰንሰለቱ ጫፍ የሚቀበላቸው ኦክሲጅን ሲያንስ ኤሌክትሮኖች መሐል መንገድ ላይ ይከማቻሉ፤ አንዳንዶቹም ያለ ቦታቸው አምልጠው በአቅራቢያ ካለ የኦክሲጅን ሞለኪውል ጋር ይጣበቁና ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ነፃ ራዲካል ይፈጥራሉ።

ነፃ ራዲካል ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል ነው። ጥንዱን ለማሟላት ከስብ፣ ከፕሮቲን፣ ከዲ.ኤን.ኤ. ሳይቀር ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ሕዋሱም ባዶ እጁን አይደለም፤ ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1969 ሥራውን የገለጡት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝም ይከተሉታል። እነዚህ ፀረ ኦክሳይድ ኢንዛይሞች ጠንቀኛውን ሞለኪውል ደረጃ በደረጃ ወደ ውሃ ይመልሱታል። የነፃ ራዲካሎቹ መመረት ከመከላከያው አቅም ሲበልጥ ነው ኦክሲዳቲቭ ስትሬስ፣ በእኛ አባባል የኦክሳይድ ጫና፣ ተፈጠረ የምንለው። ጫናው ሲረዝም ከደም ሥር መድደር፣ ከስኳር በሽታ፣ ከጡንቻ መመንመን ጋር የሚያያዝ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል።

መቀመጥስ? እዚህ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ያልተጠበቀ ነገር ይመጣል። የማይሠራ ጡንቻ ነዳጅ ስለማያቃጥል የነፃ ራዲካል ምርቱም የሚቀንስ ይመስላል። በእንስሳትና በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው። ኤ.ቲ.ፒ.ው ሳይፈለግ ሲቀር ሰንሰለቱ ይጨናነቃል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ማይቶኮንድሪያም ነፃ ራዲካል ከልክ በላይ ማመንጨት ይጀምራል። ይህም ፕሮቲን የሚያፈርሱትን የሕዋስ መሣሪያዎች ይቀሰቅስና ጡንቻው ራሱን መብላት ይይዛል።

የዚህን ፍጥነት ለመረዳት በ1966 በአሜሪካ፣ በዳላስ ከተማ የተደረገውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። የ20 ዓመት ዕድሜ የነበራቸው አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ያህል ከአልጋ ሳይነሱ እንዲቆዩ ተደረገ። ሰውነታቸው በከፍተኛ ሥራ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክሲጅን መጠን ከሩብ በላይ አሽቆለቆለ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እነዚሁ ሰዎች ተፈልገው በድጋሚ ተለኩ። በ50 ዓመታቸው ወፍረዋል፣ ሸብተዋል። ሆኖም ከአምስቱ አንዱም እንኳ በወጣትነቱ ከአልጋ በተነሳ ጊዜ ከነበረው አቅም በታች አልወረደም። የሦስት ሳምንት አልጋ ከ30 ዓመት እርጅና ይብስ ነበር ማለት ነው። ከእነርሱ ቀደም ብሎ በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በሽተኛን ያለ በቂ ምክንያት አልጋ ላይ ማቆየት ስለሚያስከትለው አደጋ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ጽፈው ነበር። የአያቴ ጠያቂዎች ይህን እንዲያነቡ አይጠበቅም፤ እኔ ግን ቤተ መጻሕፍት ነበረኝ።

አሁን ሁለቱን እናጋጥማቸው። ስስ አየርና መቀመጥ አንድ ላይ ሲመጡ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በቀጥታ ከመረመሩት መካከል የስሎቬኒያ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ኦክሲጅኑ በተቀነሰበት፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታን በሚመስል ሕንፃ ውስጥ ለ10 ቀናት አቆዩአቸው። ከፊሎቹ በየቀኑ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ያደርጋሉ፤ ከፊሎቹ ያለ እንቅስቃሴ ይቀመጣሉ። በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት በተቀመጡት ደም ውስጥ የኦክሳይድ ጉዳት ምልክቶች ጨምረው ተገኙ፤ የተንቀሳቀሱት ግን ያንኑ ስስ አየር እየተነፈሱ ከዚህ ጭማሪ ድነዋል። የኋለኞቹ ከዚያ ከፍታ ላይ አልወረዱም፣ ኦክሲጅንም አልተጨመረላቸውም። ልዩነቱ የእግራቸው ሥራ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ የክትባትን ጠባይ ይመስላል። እንቅስቃሴ ራሱ ነፃ ራዲካል ያመነጫል፤ ሆኖም ለአጭር ጊዜና በመጠን ነው። ሕዋሱ ይህን ትንሽ ጥቃት ሲያይ ኤንአርኤፍ-2 የተባለ ፕሮቲን ወደ ኒውክሊየሱ ገብቶ የፀረ ኦክሳይድ ኢንዛይሞችን ጂኖች ያስነሳል፤ በሚቀጥለው ቀንም መከላከያው በርትቶ ይጠብቃል። የተቀመጠ ሰው የሚደርስበት ግን ዝቅተኛ ሆኖ የማያቋርጥ ጫና ነው፤ የሚያነቃ እንጂ የሚያስተኛ አይደለም ብዬ እንዳልጽፍ፣ በተግባር የሚታየው የሚያስተኛ መሆኑ ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «የስሎቬኒያ ወጣቶች ቆላ ለቆላ የኖሩ ናቸው፤ እኛ ደግሞ በደጋ ተወልደን በደጋ ያደግን ነን። 4,000 ሜትርም ሲግናል አይደለም።» ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። በ2002 አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ዓለምን ያስደነቀው በዚሁ ምክንያት ነበር። በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ሲመረመሩ፣ የሄሞግሎቢናቸው አማካይ በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ደማቸውም በኦክሲጅን 95.3 በመቶ የተሞላ ነበር። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደማቸውን አወፍረው፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ዝቅተኛ የደም ኦክሲጅንን ችለው ሲኖሩ፣ የእኛዎቹ ግን በባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ሰው ብዙም ያልራቀ ደም ይዘው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የጂን ጥናቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ሁሉ በአንድ መንገድ እንዳልተላመዱ አሳይተዋል።

ታዲያ ይህ ለተቀመጠ የከተማ ልጅ መከላከያ ይሆነዋልን? ያን ጥናት የተጠኑት ሰዎች የኖሩበትን ኑሮ አስቡ። እርሻ፣ ከብት ጥበቃ፣ ውሃ መቅዳት፣ ገበያ ለመድረስ ሽቅብና ቁልቁል ግማሽ ቀን መጓዝ። መላመዱ በትውልድ ብዛት ሲዘጋጅ የመቀመጥ ዘመን አልነበረም። የአባቶቻችን ደም በከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰውነት የተሠራ መሆኑን ተቀብለን፣ ከሥራው ተነጥሎ ወንበር ላይ ሲቀመጥም በዚያው መጠን ይጠብቀናል ብሎ መደምደም በውርስ ገንዘብ ተማምኖ ሥራ እንደመተው ነው። ከዚህም ሌላ በመካከላችን ደሙ የማይሞላለት ሰው አለ፤ አስም ያለበት፣ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመም የያዘው፣ ልቡ የደከመ፣ የኩበትና የእንጨት ጭስ ሳንባውን ያጎሳቆለው። የሲግናል አልጋ ለእንዲህ ያለ ሰው 2,400 ሜትር ላይ ያለ አልጋ አይደለም፤ ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነው። የሥር ሰደድ የሳንባ ሕሙማን በባለሙያ ቁጥጥር መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ዛሬ የሕክምናው መመሪያ የሚያዘውም ለዚህ ነው። አጣዳፊ ሕመም ላይ ያለን ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አስነሡ ማለቴ አይደለም።

ወደ ሯጮቻችን እንመለስ። በ1968 የኦሊምፒክ ውድድር 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ሲካሄድ የቆላ አገር ሯጮች ትንፋሽ አጠራቸው። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ፤ በ10,000 ሜትርም ሁለተኛ ወጣ። ለአዲስ አበባ ልጅ ሜክሲኮ ከቤቱ ጥቂት ዝቅ ያለች ሜዳ ነበረች። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ማሞ የተነፈሰውን አየር የተነፈሰ ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ ማራቶን ያሸነፈው አንድ ነው። አየሩ ሁላችንንም እኩል ቢያሠለጥን ኖሮ የዩኒቨርሲቲያችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ሲደርሱ ደረጃው ላይ የሚያለከልኩ የ20 ዓመት ወጣቶችን ባላየሁ ነበር።

ይህን ስል ግን እንቅስቃሴ ሁሉ መድኃኒት ነው ወደሚል ሌላ ጠርዝ እንዳልወድቅ የእንጦጦ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ያን ቁልቁለት ሲወርዱ ያላየ የአካባቢያችን ሰው የለም። እነርሱ መንቀሳቀስ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው በቂ ምግብና ዕረፍት ነው። ክትባት የሚሆነው መጠኑ ሲመጠንና ሰውነት ለመጠገን ጊዜና ግብዓት ሲያገኝ ነው። በባዶ ሆድ በየቀኑ የሚደገም ከባድ ሸክም ጫናውን ያከማቻል እንጂ መከላከያውን አይገነባም። አንዱ ጎረቤት በወንበር፣ ሌላዋ በሸክም መጎዳታቸው የከተማችን አንድ ገጽታ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ አቋራጭ ይፈልጋል። ፀረ ኦክሳይድ የተባሉ እንክብሎች በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ስላሉ፣ ዳገት ከመውጣት እንክብል መዋጥ ይቀላል። በጀርመን አገር ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት ወጣት ወንዶችን ለአራት ሳምንት ስፖርት ሲያሠራ፣ ለከፊሎቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይሰጥ ነበር። ስፖርቱ ሰውነት ኢንሱሊንን የሚጠቀምበትን ብቃት ያሻሻለው እንክብሉን ባልወሰዱት ላይ ነው፤ በወሰዱት ላይ ጥቅሙ ተሰወረ። እንክብሉ ሕዋሱን የሚያነቃውን ትንሽ ጥቃት አስቀድሞ አጠፋው። ጎመኑንና ብርቱካኑን ብሉ፤ እርሱ ሌላ ነገር ነው።

ለመንቀሳቀስ ደግሞ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። ከሲግናል አራት ኪሎ ድረስ ቀበናን ተሻግሮ በእግር መምጣት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሳምንቱ ድርሻ በሦስት ቀን ይሞላል። በጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ለሚያውቅ ይህ ብዙ ኪሳራ አይመስለኝም። የአስፋልቱ ዳር ጭስ ራሱ የኦክሳይድ ጫና አምጪ ስለሆነ ግን መኪና ከመብዛቱ በፊት መውጣት፣ ወይም በውስጥ ለውስጥ መንገድ ማቋረጥ ይሻላል። ከ2018 ማብቂያ ጀምሮ አንዳንድ መንገዶች በተወሰኑ እሑዶች ለእግረኛ ሲከፈቱ፣ በ2020ም የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ደስ ብሎኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ድረስ በመኪና ወጥቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ በመኪና የሚመለሰው ወዳጄ ግን ስስ አየሩን እንጂ ዳገቱን አልወሰደም፤ እንዳልኳችሁ ሁለቱ የሚጠቅሙት አብረው ሲሆኑ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፈተና ሰሞን ሲደርስ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ የሚወሰድበት ልማድም ሊታሰብበት ይገባል። ተማሪው በዚያ ሰሞን ከማንኛውም ጊዜ የበለጠ ይቀመጣልና።

ለፋኩልታችን ተማሪዎች የምለው ሌላ ነገር ነው። የስሎቬኒያው ጥያቄ በእኛ ከፍታ፣ በእኛ ሰዎች ላይ መጠየቅ አለበት፤ ቤተ ሙከራው ደግሞ ከደጃችን ተዘርግቷል። በጣት ላይ የምትሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ዛሬ በርካሽ ትገኛለች። በእግር የሚመላለሱና በታክሲ የሚመላለሱ ተማሪዎችን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በሲግናል፣ ከዚያም በእንጦጦ ላይ፣ ተቀምጠው ሳሉና የስድስት ደቂቃ እርምጃ ካደረጉ በኋላ ለኩ፤ የልብ ምታቸውንም መዝግቡ። ይህ የኦክሳይድ ጫናን ራሱን አይለካም፤ ለዚያ የደም ናሙናና የባዮኬሚስትሪ ክፍል እገዛ ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ ግን ይበቃል። አጥኚዎቹ ከታክሲ ተመላላሾቹ ወገን አንድ ተጨማሪ ሰው ቢጎድላቸው እኔ አለሁ።